ለመሥሪያ ቤት መኪና ገመድ የሌለውን ሃይብሪድ ምረጡ

ሰሞኑን አንድ የቆየ ጓደኛዬ ደወለልኝ። የሕክምና መሣሪያ ይጠግናል፤ ሥራው ከሆስፒታል ሆስፒታል መዞር ነው። በዓመት 45,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ይነዳል። መሥሪያ ቤቱ መኪናውን ሊቀይርለት ነው፤ ሦስት አማራጭ ሰጥተውታል፦ የናፍጣ መኪና፣ ተራ ሃይብሪድ (የቤንዚን ሞተርና በባትሪ የሚሠራ ኤሌክትሪክ ሞተር አብረው ያሉት፣ ሶኬት የማይፈልግ)፣ እና ሶኬት ላይ ተሰክቶ ቻርጅ የሚደረግ ፕለግ ኢን ሃይብሪድ። «ፕለግ ኢኑ ለ100 ኪሎ ሜትር ከ2 ሊትር በታች ነው የሚጠጣው ይላል ወረቀቱ፤ እሱን ልፈርም ነው» አለኝ። እንዳትፈርም አልኩት። በስልክ ላስረዳው ሞከርኩ፣ ግን ነገሩ ሰፋ። በሱ ቦታ ሆኖ ተመሳሳይ ቅጽ ፊቱ የተቀመጠለት ሰው ብዙ ስለሆነ እዚህ ልጽፈው ወሰንኩ።

መጀመሪያ ሃይብሪድ ነዳጅ የሚቆጥበው ከየት እንደሆነ እንይ። ብዙ ሰው ባትሪው ከሆነ ቦታ ነፃ ጉልበት የሚያመጣ ይመስለዋል። አያመጣም። ተራ ሃይብሪድ ውስጥ ያለው ጉልበት ሁሉ ከቤንዚኑ ነው የመጣው። ጥቅሙ ሌላው መኪና የሚጥለውን ማንሳቱ ነው።

1,500 ኪሎ የሚመዝን መኪና በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር እየሄደ ቀይ መብራት ያዘው እንበል። ሾፌሩ ፍሬን ሲረግጥ 208 ኪሎ ጁል ያህል ጉልበት ሙቀት ሆኖ ይጠፋል። ቁጥሩ ብቻውን ብዙ ላይናገር ይችላል። በነዳጅ እናስበው። የቤንዚን ሞተር ከሚያቃጥለው ውስጥ ጎማው ዘንድ የሚደርሰው ሩብ ያህሉ ብቻ ነው ብንል፣ ያንኑ ፍጥነት መልሶ ለማግኘት 26 ሚሊ ሊትር ገደማ ቤንዚን ያስፈልጋል። በሾርባ ማንኪያ ብንለካው ሁለት ማንኪያ ሊሞላ ትንሽ የቀረው ነው። ጓደኛዬ በቀን 80 ጊዜ እንዲህ ቢቆም 2 ሊትር ፍሬኑ ላይ አለቀ ማለት ነው። ሃይብሪዱ ፍሬን ሲያዝ ኤሌክትሪክ ሞተሩን ጄኔሬተር ያደርገውና ከዚህ ጉልበት ደህና ድርሻውን ባትሪ ውስጥ መልሶ ያስቀምጣል። ሁሉንም አይመልስም። ነገር ግን በየቀኑ፣ በየመብራቱ፣ ሾፌሩ ልብ ሳይለው የሚመለስ ጉልበት በዓመት ሲደመር ቀላል አይደለም።

ሲቆም ደግሞ ሞተሩ ይጠፋል። ቀስ እያለ በሰልፍ ሲሄድም ብዙውን ጊዜ ጠፍቶ በባትሪ ነው የሚሄደው። በዚያ ላይ ኤሌክትሪኩ ስለሚያግዘው ሞተሩን ለጉልበት ሳይሆን ለቁጠባ አድርጎ መሥራት ይቻላል። የቶዮታ ሃይብሪዶች አትኪንሰን በሚባለው ዑደት የሚሠሩት ለዚህ ነው። ሞተሩ ብቻውን ቢሆን ደካማ ነው፣ ከእያንዳንዱ ጠብታ የሚያወጣው ግን ይበልጣል።

አሁን ወደማይወራው እንምጣ። ዋና መንገድ ወጥታችሁ በሰዓት 120 ኪሎ ሜትር ሁለት ሰዓት ብትነዱ ፍሬን የምትይዙት ስንቴ ነው? እምብዛም። እዚያ ላይ ነዳጁን የሚበላው አየሩ ነው፤ አየርን ሰንጥቆ ማለፍ ደግሞ ፍጥነት በጨመረ ቁጥር በጣም ይከብዳል። ከ100 ወደ 120 ብትጨምሩ አየሩ የሚገፋችሁ ኃይል በ44 በመቶ ያድጋል። አንዴ አየር ላይ የዋለ ጉልበት አይመለስም። ስለዚህ «ብዙ ኪሎ ሜትር ስለምነዳ ሃይብሪድ ያዋጣኛል» የሚለው አባባል ብቻውን ትርጉም የለውም። ኪሎ ሜትሩ የተነዳበት መንገድ ነው ወሳኙ።

ይህን ለማወቅ ጥናት አያስፈልግም። አሁን የምትነዱት መኪና ዳሽቦርድ ላይ አማካይ ፍጥነት የሚያሳይ ቦታ ካለ ዜሮ አድርጉትና ሁለት ሳምንት ተውት። አማካዩ 40 አካባቢ ከወጣ ቀናችሁን የምታሳልፉት በመቆምና በመነሳት ነው፤ ሃይብሪድ ለናንተ የተሠራ ነው። 90 እና ከዚያ በላይ ከሆነ በሃይብሪድና በጥሩ ናፍጣ መኪና መካከል ያለው የነዳጅ ልዩነት ይሳሳል፣ አንዳንዴም ናፍጣው የበለጠ ይቆጥባል። መሐል ላይ ያላችሁ፣ ብዙዎቻችሁ እዚያ ናችሁ፣ እኔ ብሆን ሃይብሪዱን እወስዳለሁ። ቤንዚን ብቻ የሚነዳው መኪና ለ100 ኪሎ ሜትር 7 ሊትር፣ ሃይብሪዱ 5 ሊትር ቢፈጁ፣ በጓደኛዬ 45,000 ኪሎ ሜትር ልዩነቱ 900 ሊትር ነው። በአንድ ዓመት!

ታዲያ ፕለግ ኢኑ ከዚህም ይሻላል አይደል? ወረቀቱ ላይ አዎ። እኔን የሚያናድደኝም ይኸው ነው፤ ወረቀቱን አምነው ለሠራተኛ የሚያድሉ መሥሪያ ቤቶች ብዙ ናቸው። ሂሳቡን አብረን እንሥራ። 45,000 ኪሎ ሜትር ለ230 የሥራ ቀን ሲካፈል በቀን 195 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ፕለግ ኢኑ በአንድ ቻርጅ በኤሌክትሪክ 60 ኪሎ ሜትር ቢሄድ፣ ያውም ሰውዬው ማታ ማታ ሳይረሳ ከሰካው፣ የቀኑን አንድ ሦስተኛ እንኳ አይሸፍንም። የቀረውን መንገድ ያንን ከባድ ባትሪ ተሸክሞ በቤንዚን ነው የሚሄደው።

እሱም ከሰካው ነው ያልኩት። አይሰካማ! ለምን ይሰካል? ነዳጁን የሚከፍለው መሥሪያ ቤቱ ነው፤ ካርዱን አውጥቶ መቅዳት ብቻ ነው። ቤቱ የሚሰካው ኤሌክትሪክ ግን ከራሱ ኪስ ነው የሚወጣው። ሰውን ቁጠብ ስትለው ከኪሱ የሚያወጣ ከሆነ፣ ባይቆጥብ ግን ምንም የማያወጣ ከሆነ፣ ምን እንደሚመርጥ መገመት አይከብድም። በሱ አልፈርድም። ማታ 2 ሰዓት ደክሞ ቤቱ የገባ፣ ምናልባትም መኪናውን መንገድ ዳር የሚያቆም፣ ሶኬት አጠገቡ የሌለ ሰው ነው። ጥፋቱ እንዲህ ያለ ሕይወት ላለው ሰው ገመድ ያለው መኪና የመረጠው ነው።

ይህ የኔ ግምት ብቻ እንዳይመስላችሁ። ንጹሕ ትራንስፖርት ላይ የሚሠራው አይሲሲቲ የተባለ ዓለም አቀፍ ተቋም ከጀርመኑ የምርምር ተቋም ፍራውንሆፈር ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ጥናት፣ አውሮፓ ውስጥ በግል የተያዙ ፕለግ ኢኖች ከሚሄዱት ርቀት 45 እስከ 49 በመቶው በኤሌክትሪክ ነበር። የኩባንያ የሆኑትስ? ከ11 እስከ 15 በመቶ። አማካይ ፍጆታቸውም ለ100 ኪሎ ሜትር ከ7.6 እስከ 8.4 ሊትር ሆኖ ተገኘ። ከተራ ቤንዚን መኪና በምን ተሻለ? የአውሮፓ ኮሚሽን ራሱ እ.ኤ.አ. በ2024 መንገድ ላይ ካሉ መኪኖች የተሰበሰበ መረጃ አይቶ የፕለግ ኢን መኪኖች እውነተኛ የካርቦን ልቀት ወረቀት ላይ ከተጻፈው በአማካይ ሦስት እጥፍ ተኩል እንደሚሆን አስታውቋል።

ተራው ሃይብሪድ የሚበልጠው እዚህ ላይ ነው። ከሾፌሩ ምንም አይጠብቅም። ሰውዬው ቢደክመው፣ ቢረሳ፣ ነዳጅ መቆጠብ ጭራሽ ትዝ ባይለው እንኳ መኪናው በየፍሬኑ ይቆጥባል። የሚነዳውና የሚከፍለው ሰው የተለያዩ ሲሆኑ ሌላ መላ የለም። መሥሪያ ቤቱ ግቢው ውስጥ ቻርጀር ከተከለ፣ ቤት የተሰካውንም እንደ ነዳጅ ከከፈለ፣ ሠራተኛውም በቀን ከ60 ኪሎ ሜትር ብዙ የማይርቅ ከሆነ ሐሳቤን እቀይራለሁ። ግን እንዲህ ያለው ሰው ብዙ የሚነዳ አይባልም።

በነገራችን ላይ ስሙም እንዳያታልላችሁ። ማይልድ ሃይብሪድ የሚባል አለ፣ ብዙውን ጊዜ 48 ቮልት ነው። ትንሽ ኤሌክትሪክ ሞተር ለዋናው እገዛ ታደርጋለች እንጂ አብዛኞቹ መኪናውን ብቻቸውን አይገፉትም። ቁጠባው ትንሽ ነው። ሻጩ «ሃይብሪድ ነው» ሲላችሁ «በኤሌክትሪክ ብቻ ይንቀሳቀሳል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ።

ጓደኛዬ የፈራው ባትሪውን ነው። «በዓመት 45,000 እየነዳሁት ሦስት ዓመት ሳይሞላው ቢሞትስ?» አለኝ። ፍርሃቱ ይገባኛል፤ ስልካችን ባትሪ በሁለት ዓመት ሲደክም እያየን ነው። የሃይብሪድ ባትሪ ግን እንደ ስልክ አይኖርም። ኮምፒዩተሩ ጢም ብሎ እንዲሞላም፣ ተሟጦ እንዲያልቅም አይፈቅድለትም፤ ዕድሜውን ሁሉ መሐል ላይ ከፍ ዝቅ ሲል ነው የሚኖረው። ኮንሲውመር ሪፖርትስ የተባለው የአሜሪካ የሸማቾች መጽሔት እ.ኤ.አ. በ2011 ያደረገው ሙከራ አለ። 206,000 ማይል፣ ማለትም ከ330,000 ኪሎ ሜትር በላይ የተነዳ ፕሪየስ የተባለ የ2002 የቶዮታ ሃይብሪድ አምጥተው ከአሥር ዓመት በፊት አዲስ ሳለ ከፈተኑት ሌላ ፕሪየስ ጋር አወዳደሩት። የነዳጅ ፍጆታው ልዩነት የለውም በሚባል ደረጃ ነበር፦ ያኔ በጋሎን 40.6 ማይል፣ አሁን 40.4። ቶዮታም አሜሪካ ውስጥ ከ2020 ሞዴል ጀምሮ ለሃይብሪድ ባትሪው የሚሰጠውን ዋስትና 10 ዓመት ወይም 150,000 ማይል አድርሶታል። ባትሪውን የሚጎዳው ከኪሎ ሜትሩ ይልቅ ሙቀትና ዕድሜ ነው፤ ብዙ የሚነዳ ሰው ደግሞ ኪሎ ሜትሩን በአጭር ዓመት ስለሚጨርስ እንዲያውም ይጠቀማል።

ሊበላሽ የሚችለውም ዕቃ ቁጥሩ ቀንሷል። በቶዮታው አሠራር ሞተሪኖ የለም፣ ዲናሞ የለም፣ ፍሪሲዮን የለም፣ የተለመደው ካምቢዮም የለም። ቦታቸውን ሁለት ኤሌክትሪክ ሞተሮችና አንድ የማርሽ ጥርስ ስብስብ ይዘውታል። አብዛኛውን የማቆም ሥራ ኤሌክትሪኩ ስለሚሠራው የፍሬን ሸራም ረጅም ጊዜ ይቆያል። መኪናው ጋራዥ የቆመበት ቀን ሠራተኛው ያልሠራበት ቀን ነው፤ ዋጋ ሲወዳደር ይህን የሚያስገባ ሰው አላየሁም።

ናፍጣን ልናጣጥል አይገባም። ሊትሩ ውስጥ ያለው ጉልበት ከቤንዚን ከ10 በመቶ በላይ ይበልጣል፣ ጭነት ይችላል፣ ረጅምና ያልተቆራረጠ መንገድ ላይ ያምርበታል። ችግሩ ከተማ ሲገባ ነው። የዘመኑ ናፍጣ ጭስ ማውጫው ላይ ጥቀርሻ የሚይዝ ማጣሪያ አለው። ያ ማጣሪያ የያዘውን አቃጥሎ ለመጽዳት በደንብ መጋል አለበት። አሥር ደቂቃ ነድቶ፣ አቁሞ፣ እንደገና አሥር ደቂቃ የሚነዳ ሰው ማጣሪያውን ይደፍነዋል። ከሆስፒታል ሆስፒታል የሚዞረው ጓደኛዬ እንዲህ ነው የሚውለው። ሙሉ ኤሌክትሪክ መኪናስ ካላችሁኝ፣ ማታ የሚሰካበት አስተማማኝ ቦታ ላለው ሰው 195 ኪሎ ሜትር ለብዙዎቹ የዘመኑ ኤሌክትሪክ መኪኖች የሚከብድ ርቀት አይደለም፣ ከሦስቱም ሊሻል ይችላል። የሱ ዝርዝር ላይ ግን አልነበረም።

አንድ ነገር ደግሞ ነዳጅ ሲቆጠር የሚረሳ አለ። እዚያ ወንበር ላይ በቀን አምስት ሰዓት የሚቀመጠው ሰው ነው። ሰልፍ ውስጥ ማርሽ ሳይቀይር፣ ፍሪሲዮን ሳይረግጥ፣ ሞተሩ ጠፍቶ ጸጥ ባለ መኪና የሚሄድ ሰው ማታ ቤቱ ሲገባ ድካሙ ይለያል። ጉድለትም አለው። ረጅም ዳገት ላይ ትንሿ ባትሪ ባዶ ስትሆን ሞተሩ ብቻውን ይቀርና ይጮሃል፤ ተራራማ አገር ለሚሠራ ሰው ይህ በየቀኑ የሚሰማው ድምፅ ነው። ስለዚህ ከመፈረማችሁ በፊት መኪናውን ሻጩ በመረጠው ሜዳ ላይ አትሞክሩት። ዕቃችሁን ሁሉ ጭናችሁ የምታውቁት ዳገት ላይ ንዱት። ወንበሩ ላይም ቢያንስ አንድ ሰዓት ተቀመጡ፤ የወገብ ሕመም አሥር ደቂቃ ውስጥ አይታወቅም።

ጓደኛዬ ከትናንት በስቲያ የዳሽቦርዱን ፎቶ ላከልኝ። አማካዩ በሰዓት 38 ኪሎ ሜትር ይላል። ገመድ የሌለውን ሃይብሪድ ሊጽፍ ነው። ፎርሙን ከማስገባቱ በፊት አንድ ጥያቄ ለተሽከርካሪ ክፍሉ እንዲያነሳ ነገርኩት። የብዙዎቹ ሃይብሪዶች ባትሪ የሚቀዘቅዘው ከኋላ ወንበር ሥር ወይም ጎን ባለች ቀዳዳ በሚገባ አየር ነው። ቀዳዳዋ ላይ ማጣሪያ ካለ አቧራ ይደፍነዋል፤ የመሣሪያ ሻንጣ ከተጫነባት ደግሞ ጭራሽ አየር አታገኝም። ሰርቪስ ሲገባ ማጣሪያውን ማን እንደሚያጸዳው ስም ጠቅሰው ይጻፉልህ፣ ሻንጣህንም ከአሁኑ ሌላ ቦታ ፈልግለት ብዬዋለሁ።