ማስተካከያ፦ ቫለንዙዌላ በኤንጅልስ አላበቃም

ስለ ሜክሲኳዊው ቤዝቦል ወርዋሪ ፈርናንዶ ቫለንዙዌላ ቀደም ሲል በወጣው መረጃ «እ.ኤ.አ. በ1991 በካሊፎርኒያ ኤንጅልስ ጫማውን ሰቀለ» ተብሏል፤ መጫወት አቆመ ለማለት ነው። ልክ አይደለም።

ለኤንጅልስ ክለብ የወረወረው 2 ጨዋታ ብቻ ነው፤ ሁለቱንም ተሸነፈ። ሰባት ኢኒንግ (የጨዋታ ዙር) እንኳ ሳይሞላ፣ ተጋጣሚዎች ያስቆጠሩበትና በስሙ የተመዘገበበት ነጥብ በ9 ኢኒንግ ሲሰላ 12.15 ደረሰ። እውነት ለመናገር ያማል። በ1981 ለዶጀርስ ክለብ ሲጫወት ሎስ አንጀለስ ያበደችለት፣ የዓመቱን ምርጥ ጀማሪና የሳይ ያንግን (የምርጥ ወርዋሪ) ሽልማት በአንድ ዓመት ጠራርጎ የወሰደ ልጅ ነበርና።

ግን እጅ አልሰጠም። በ1992 ሜክሲኮ ተጫወተ፤ በ1993 ከባልቲሞር ክለብ ጋር ወደ ሜጀር ሊግ (የአሜሪካ ከፍተኛው የቤዝቦል ሊግ) ተመለሰ። በ1996 ደግሞ ለሳንዲያጎ ፓድሬስ 13 አሸንፎ 8 ተሸነፈ። ይህን ዓመት መዝለል ግፍ ነው። በሜጀር ሊግ የመጨረሻ ዓመቱ 1997፣ የመጨረሻ ክለቡም ሴንት ሉዊስ ካርዲናልስ ነው።