ጭብጨባው ለጄኔሬተሩ ነበር

ባለፈው ቅዳሜ አዳማ ውስጥ በአንድ ሆቴል አዳራሽ የተካሄደውን የጥላሁን ገሠሠ የመታሰቢያ ምሽት ያስተባበሩት ሰው፣ ማክሰኞ ዕለት በሬዲዮ ቀርበው ለተነሣባቸው ቅሬታ መልስ ሰጥተዋል። ቅሬታው ግልጽ ነው፤ ሙሉ ባንድ ይኖራል ተብሎ ቲኬት ከተሸጠ በኋላ ዘፋኞቹ የዘፈኑት ከላፕቶፕ በሚወጣ የተቀዳ ሙዚቃ ነው። የአስተባባሪው መልስ ሦስት ነበር። ባንድ ውድ ነው፤ ታዳሚው ደስ ብሎት አጨብጭቧል፤ ጥላሁንም ዛሬ በሕይወት ቢኖር ኖሮ ከዘመኑ ጋር ይራመድ ነበር።

ከመጨረሻው ልጀምር፤ ደሜን ያፈላው እሱ ነውና። ጥላሁን ያረፈው በ2001 ዓ.ም. የፋሲካ ዕለት ነው። ከዚያ ወዲህ ስለ ላፕቶፕ የጠየቀው ሰው ያለ አይመስለኝም። ሙት ምስክር መጥራት እንዴት ምቹ ነገር ነው! ተነሥቶ «እኔ እንዲህ አላልኩም» አይልም፤ ሂሳብም አይጠይቅም። ጥላሁን ቢኖር ምን ያደርግ እንደነበር ማንም አያውቅም፤ በሕይወት ሳለ ያደረገውን ግን እናውቃለን። በልጅነቱ አገር ፍቅር ቲያትር ገባ፤ ከዚያ በክቡር ዘበኛ ኦርኬስትራ ፊት ቆሞ ገነነ፤ የ1953ቱ የታኅሣሥ መፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ሲከሽፍም የክቡር ዘበኛ ሰው ነበርና ለእስር ተዳረገ። የዚህን ሰው ፈቃድ ከመቃብር ጠርቶ ባንድ ላለመቅጠር ማመካኛ ማድረግ ድፍረት ነው፤ ከዚያም ያለፈ ነው።

ጭብጨባውን በተመለከተ እኔም አዳራሹ ውስጥ ነበርኩ። አዳማ የስብሰባ ከተማ እንደመሆኗ አዳራሹ ቀን ለሥልጠና ውሎ ኖሮ፣ በበሩ በኩል የሥልጠናው ፍሊፕ ቻርት ከነጽሑፉ አልተነሣም ነበር። መድረኩ ላይ ጣሪያ የሚነካ የጥላሁን ምስል፣ ጭስ የሚተፋ ማሽን፣ ቀለም የሚቀያይሩ መብራቶች ነበሩ። ቡናው ሳይቆላ ዕጣኑ ብቻ ይጤሳል። በስተቀኝ ነጭ ኮት የለበሰ ወጣት ሳክስፎን ታቅፎ ቆሟል። ሦስተኛው ዘፈን መሐል ላይ መብራት ጠፋ። ሙዚቃው በአንድ ጊዜ ተቆረጠ፤ በስልኮቻችን ብርሃን ስናይ ግን የሳክስፎኑ ልጅ ጣቶች ለጥቂት ጊዜ መንቀሳቀሳቸውን አላቆሙም ነበር። ድምፅ የለም። ሳክስፎን መብራት የሚፈልግ መሣሪያ መሆኑን ያወቅነው ያን ጊዜ ነው። ጄኔሬተሩ ተነሣ፤ አዳራሹ በጭብጨባና በፉጨት ተናወጠ፤ ዘፈኑም ከመጀመሪያው ተጀመረ፤ ልጁም ሳክስፎኑን እንደገና ከንፈሩ ላይ አደረገ። በዚያ ምሽት ከዚያ የደመቀ ጭብጨባ አልሰማሁም። አስተባባሪው እንደ ማስረጃ የሚቆጥሩት ይህንን ከሆነ ምስጋናው ለናፍጣው ይድረስልኝ።

በልጁ አልፈርድም። መሣሪያውን መጫወት የሚችል ይመስለኛል፤ አያያዙ ያስታውቃል። ፍርዱ የሚገባው ሙያ ያለውን ልጅ ለፎቶ ብቻ ባቆመው ሰው ላይ ነው።

እኔን የሚያንገበግበኝ፣ ባንዱን እንደ ጌጥ ማየታቸው ነው። ቢኖር ያምራል፣ ባይኖርም ይቻላል ይሉናል። የጥላሁን ዘፈን ግን ድምፅ ለብቻው፣ ሙዚቃ ለብቻው ሆኖ የተሠራ አይደለም። የድሮ ቅጂዎቹን ያዳመጠ ሰው ያውቀዋል። ስንኙ መድረሻ ላይ ድምፁን ሲስበው ሳክስፎኖቹ ይጠብቁታል፤ ሲለቅቀው ይቀበሉታል፤ በሲቃው መሐል ትራምፔቱ ገብቶ ይመልስለታል። ያ ቦታ የሚለካው በዓይንና በጆሮ ነው፤ በየመድረኩም ይለያያል። ላፕቶፕ አይጠብቅም። ቅዳሜ ዕለት አንዱ ወጣት ድምፃዊ፣ ድምፁ እንኳን ግሩም ነው፣ አንዲት ሐረግ ጥላሁን እንደሚያደርገው ሊስባት ሞከረ። የተቀዳው ሙዚቃ ጥሎት ሄደ። ለመድረስ ሲል የሚቀጥለውን ቃል ግማሹን ዋጠው። ከፊት ጠረጴዛ የተቀመጡት አዛውንት ራሳቸውን ሲነቀንቁ አየሁ።

ይህ ጥበብ በአንድ ሌሊት የበቀለም አይደለም። በ1916 ዓ.ም. ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ያመጧቸው አርባ የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች ከነመሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን የነሐስ መሣሪያ ይዘው አዲስ አበባ ገቡ። የወንድሙ ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያን ደግሞ በዛሬው ብሔራዊ ቲያትር ሙዚቀኞችን አሠለጠነ። ክቡር ዘበኛው፣ ፖሊሱ፣ ጦር ሠራዊቱ እያንዳንዳቸው ኦርኬስትራ ነበራቸው፤ ነፊውና መቺው ደመወዝተኛ ነበር። ትዝታና አምባሰል፣ ባቲና አንቺሆዬ በነሐስ እንዲናገሩ ያደረጉት እነዚያ ስማቸው በማስታወቂያ ላይ የማይጻፍ ሰዎች ናቸው። ቀጥሎ የደርግ ሰዓት እላፊ የሌሊቱን መድረክ አዳከመው፤ ከዚያ ካሴቱና ኪቦርዱ መጡ፤ አንድ ሰው የስምንት ሰው ሥራ ያዘ። ኪቦርዱ የመጣው በችግር ነው፤ ይሁን። የቅዳሜው ላፕቶፕ ግን የመጣው በስስት ነው። ጥላሁንን ያለ ነፊዎቹ መዘከር ከታሪኩ ግማሹን ቆርጦ ጥሎ ለቀረው ግማሽ ሻማ ማብራት ነው።

ባንድ ውድ ነው የሚለውን ረጅም መልስ አልሰጠውም። የጭስ ማሽኑ በነጻ ነው የመጣው? ያ ግዙፍ ምስል ያለ ገንዘብ ታተመ? ከፊት የነበሩት ጠረጴዛዎች በውስኪ ጠርሙስ ተሞልተው የተሸጡበትን ዋጋ ያየ ሰው ለስድስት ሙዚቀኛ የሚከፈል ጠፋ ሲባል አያምንም። አዳማ ውስጥ ቅዳሜ ማታ ሥራ ያጣ ድራም መቺ ለማግኘት ደግሞ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ የሠርግ አዳራሾቹን መጠየቅ ይበቃል።

አስተባባሪው በቅርቡ ለሌላ አንጋፋ ድምፃዊ ተመሳሳይ ምሽት እንደሚያዘጋጁ በዚያው በሬዲዮው ተናግረዋል። መብታቸው ነው። ላፕቶፑንም ይዘው ይምጡ። ብቻ በቲኬቱ ላይ፣ ከዋጋው አጠገብ፣ በዚያው መጠን ባለው ፊደል «ሙዚቃው የተቀዳ ነው» ብለው ያትሙ፤ ከዚያ አዳራሹ ምን ያህል እንደሚሞላ አብረን እናያለን።