ወረቀት ጠያቂዎቹ የሚፈትሹት አንደበትን ነው

የጆሃንስበርግ ከፍተኛ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2025 «ኦፕሬሽን ዱዱላ» የተባለው፣ የውጭ ዜጎች ከደቡብ አፍሪካ ይውጡ የሚል ቡድን የማንንም ፓስፖርትና መታወቂያ እንዳይጠይቅ፣ ሕሙማንንም ከክሊኒክ በር እንዳይመልስ አገደው። የቡድኑ ደጋፊዎች ግን ያችኑ የተለመደች መከላከያቸውን አልጣሉም፦ የውጭ ዜጋ አንጠላም፣ ሕጋዊ ሰነድ መኖሩን ብቻ ነው የምናጣራው ይላሉ። ይህን ከእኛ ከኢትዮጵያውያንም መካከል «እውነታቸውን ነው» እያለ የሚያስተጋባ መኖሩ ነው ያንገበገበኝ።

እስቲ ይንገሩን፤ ሰነድ የሚጠየቀውን ሰው በምን ይለዩታል? ከተሰለፉት እናቶች መካከል የትኛዋ ከማላዊ፣ የትኛዋ ከዚያው ከደቡብ አፍሪካ ክፍለ ሀገር ከሊምፖፖ እንደመጣች ግንባሯን አይቶ የሚያውቅ ማን ነው? ማንም። ስለዚህ ያናግሯታል። ዙሉ ካቀላጠፈች ታልፋለች፤ ከተንተባተበች ወይም አነጋገሯ ለጆሯቸው ካልጣመ «ወረቀትሽን አምጪ» ይመጣል። ወረቀቱ ማሳበቢያ ነው፤ ፍርዱ አስቀድሞ በአንደበቷ ላይ ተሰጥቷል።

ይህ ፈተና የት እንደሚያደርስ ከተማዋ ታውቀዋለች። በሜይ 2008 ከአሌክሳንድራ ተነስቶ በተዛመተው ጥቃት፣ ዱላና ገጀራ የጨበጡ ሰዎች መንገደኛውን ክርናቸውን እያሳዩ በዙሉ ስሙን ጥራ ይሉት ነበር። ያልመለሰ ወዮለት። ከተገደሉት 62 ሰዎች 21ዱ ደቡብ አፍሪካውያን ነበሩ። ሃያ አንዱ! የቬንዳና የጾንጋ ተናጋሪዎች ሕገ መንግሥቱ ይፋዊ ያደረገውን ቋንቋ አፋቸው ውስጥ ይዘው፣ በገዛ ሀገራቸው እንደ መጤ ታደኑ። መታወቂያቸውን ማን አየላቸው? የአፓርታይድን የይለፍ ወረቀት አንይዝም ብለው ሻርፕቪል ላይ በ1960 69 ሰዎች በወደቁበት ሀገር፣ ዛሬ ማንም ጎረምሳ ተነስቶ ወረቀት ተቆጣጣሪ ሲሆን አለማፈር ይገርማል።

«ታዲያ ቋንቋውን ይማሩ» ለሚሉትም፦ በየመንደሩ ሱቅ የከፈቱ፣ ኢትዮጵያውያን ከሚነግዱበት የጆሃንስበርግ ሰፈር ከጄፒ ዕቃ የሚያመላልሱ ወገኖቻችን ከደንበኞቻቸው ጋር በዙሉ ይነጋገራሉ፣ ይሟገታሉ፣ ይቀልዳሉ። ከዝርፊያ አላዳናቸውም። (ማንዴላን ኮልፌ ላይ አሠልጥነን ነበር የሚለውንም ወቀሳ ብንተወው እወዳለሁ። ለመታከም የአባት ውለታ ደረሰኝ አያስፈልግም።)

የክሊኒኩ ሰልፍ ረጅም ነው፣ መድኃኒትም ይጠፋል፤ ይህን አልክድም። ግን መድኃኒቱን ማን በላው? ከቴምቢሳ ሆስፒታል ከ2 ቢሊዮን ራንድ በላይ መዘረፉን የመንግሥት መርማሪዎች ራሳቸው ይፋ አድርገዋል። በዚያው ሆስፒታል አጠራጣሪ ክፍያዎችን ያጋለጠችው ባቢታ ዴኦካራን በ2021 በጥይት ተገድላለች። ከዘራፊዎቹ ቪላ በር ላይ ቆሞ «ወረቀት አሳዩ» ያለ ጀግና ግን አላየንም። ጀግንነቱ ሕፃን ባዘለች ሴት ላይ ነው።

ፓስፖርት የመጠየቅ ሥልጣን የኢሚግሬሽን መኮንንና የፖሊስ ብቻ እንደሆነ ፍርድ ቤቱ በግልጽ ተናግሯል። ከዚህ በኋላ ክሊኒክ በር ላይ ቆሞ የሚያናግር ሁሉ ሕግ ጥሷል፤ በአጠገቡ እጁን አጣጥፎ የሚመለከተው ፖሊስም ምን እየጠበቀ እንደሆነ ይጠየቅ።