ይሄ ለምን ይሆናል?

«አቦ፣ ይሄ ደግሞ ለምን ይሆናል?»

ጠያቂዋ የባለቤቴ ዘመድ ናት። ሳቢያን ወዳለው ቤታችን ቡና ልትጠጣ ብቅ ብላ፣ ሰላምታውን እንኳ በወጉ ሳንጨርስ፣ ደጃፉ ላይ በቀለም ቆርቆሮ የተከልኳትን ሐምራዊ አበባ በአገጯ ጠቆመች።

«አበባ ነው» አልኳት።

«እሱንማ አያለሁ። ለጨጓራ ነው? ለግፊት?»

«ለምንም አይሆንም። አበባ ነው።»

አላመነችኝም። መድኃኒት አግኝቶ ደብቆናል ብላ ነው ወደ ውስጥ የዘለቀችው። ቡናው እስኪፈላ ከባለቤቴ ጋር ሲንሾካሾኩ «ስኳር ጀመረው እንዴ?» ስትል ሰማኋት።

እኔ ጤነኛ ነኝ። በሽታዬ አንድ ናት፤ ክረምት ሲመጣ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ሽርጤን አገልድሜ ጓሮ መውረድ። ክረምት ስል ደገኛው አንባቢ ጭቃና ካፖርት እንዳይታየው። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል 1,200 ሜትር ገደማ ላይ የተዘረጋች ቆላ ናት። ሐምሌና ነሐሴ ለእኛ ልጆች ከትምህርት ቤት ተገላግለው ግቢውን የሚያምሱበት፣ ደመናው ከሰዓት በኋላ ደንገጎ ላይ ተቆልሎ «መጣሁ፣ መጣሁ» እያለ የሚያስፈራራበት፣ አንዳንዴም ቃሉን ጠብቆ የሚወርድበት ጊዜ ነው። ማታ ምንጣፍ ግቢ ይወጣል፣ ሙሸበክ የሚባለው ጣፋጭ ይቀርባል፣ ልጆች በመጨረሻዋ ቁራሽ ይጣላሉ። ከዚህ ሁሉ ለእኔ የምትበልጠው ግን ፀሐይ ሳትከር ያለችው የጠዋቷ ሰዓት ናት። ውሃው በፈረቃው ከመጣ በጆግ እየቀዳሁ አጠጣለሁ። ከሥር ከሥሩ ነው የማጠጣው፤ የከተማችን ውሃ ከጉድጓድ የሚወጣ፣ ኖራ የሚበዛበት ስለሆነ ቅጠል ላይ ከረጩት ነጭ ምልክቱን ትቶ ይሄዳል። ያላመነ የማንቆርቆሪያውን ውስጥ ከፍቶ ይይ። ጎማ የለህም ወይ የሚለኝ ይኖራል። ነበረኝ። እመጣበታለሁ።

ዘመዳችን ስትወጣ ምን አደረገች? ከቆርቆሮዋ አንድ ቅርንጫፍ ቀጭ አድርጋ በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረች። «እስቲ ልሞክረው» አለች። ለምን እንደሚሆን ሳታውቅ!

«ፍየል ከመድረሷ ቅጠል መበጠሷ» የሚለውን ተረት የምወደው ለዚህ ነው። ለችኩል ሰው የሚነገር ነው ይላሉ። እኔ እንደሚመስለኝ ግን መጀመሪያ የተናገረው ሰው ስለ ችኩልነት ለመፈላሰፍ ጊዜ አልነበረውም፤ ጓሮ ነበረው፣ እንግዳ መጣበት፣ በቃ። እኛ ሰፈር ደግሞ ፍየሏ ራሷም አለች። የድሬ ፍየል አስፋልት መሃል ካርቶን እያኘከች፣ ባጃጁ ጥሩንባውን ሲያምባርቅባት ዘወር ብላ «ምን ሆነሃል?» በሚል ዓይን ታየዋለች። የበሬን መከፈት ከውሻዬ ቀድማ ትሰማለች። ግን ሐቁን እንናገር ከተባለ፣ ፍየል ለምን ይሆናል ብላ አትጠይቅም። ትበላለች፣ ትሄዳለች። ቡና አፍሉልኝ አትልም፤ ስኳር ጀመረው እንዴ ብላ አታማም።

የጎማው ነገር እንዲህ ነው። ጎረቤቴ (ስሙን አልጠራም፣ አንድ ግድግዳ ነው የሚለየን) መኪናዬን ልጠብ ብሎ ተዋሰኝ። ሲሄድ 20 ሜትር ነበር። ሲመለስ ከቧንቧው ተነስቶ ሎሚዋ ጋ አልደርስ አለ። «አጥሯል» አልኩት። «ወላሂ፣ ፀሐይ አኮማትሮት ነው» አለኝ፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ። የድሬ ፀሐይ ጎማ የምታኮማትር ቢሆን ይህ ሁሉ ባጃጅ በአሻንጉሊት ጎማ በሄደ ነበር! የሚያቃጥለኝ ደግሞ ቁራጩ አለመጥፋቱ ነው። ከሮቶው እስከ ኩሽናው ተዘርግቶ፣ አረንጓዴው ከነቢጫ መስመሩ፣ በግድግዳው በላይ በየቀኑ ይታየኛል። የቀረው ያው የእኔው ደግሞ ለምንም አልሆን ብሎ ቀረ። ከጎረቤቴ ጋር ሰላም እንባባላለን፣ ልጆቹን እወዳቸዋለሁ፣ እድር ላይ ጎን ለጎን እንቀመጣለን። ጎማዬን ግን እስከ ዛሬ በዓይኔ እለካዋለሁ።

ወደ ቅጠሉ ልመለስ። ጤና አዳም ቡና ውስጥ ጣል ይደረግ፣ ዳማከሴ ለምች ይጨመቅ፤ አያቴም ያሳደገችኝ በዚሁ ነው፣ ክፉ አይወጣኝም። ጣጣው የሚጀምረው መድኃኒት ያልሆነ ቅጠል የመኖር መብት ሲያጣ ነው። ሽፈራውን አስታውሱ። ማንንም ሳያስቸግር በየአጥሩ ጥግ የቆመ ዛፍ ነበር። ሞሪንጋ የሚል ስም ወጣለትና 300 በሽታ ያድናል ተባለ፣ በላስቲክ ታሽጎ በየሱቁ ተደረደረ። እኔ ጉንፋንን በየዓይነቱ ብከፋፍለው እንኳ 300 በሽታ ቆጥሬ አልጨርስም። ኮንሶዎች ያንኑ ቅጠል ከጥንት ጀምረው ቀቅለው ይበሉታል፤ ለእነሱ እራት ነው፣ ለእኛ ሐኪም ሆነ። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲገባማ አትጠይቁኝ። ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ዋጋቸው አልቀመስ አለ፤ የእኔን የሎሚ ዛፍ ሰላም ለማለት የመጣው ሰው እኔን ሰላም ብሎኝ አያውቅም።

ይህ ያስቃል። የማያስቀው የስኳር ክኒኑን አቁሞ ስሙን የማያውቀውን ቅጠል ጠዋት ጠዋት የሚጠጣው ሰው ነው። ስትመክረው «ተፈጥሮ አይደል፣ ምን ይጎዳል?» ይልሃል። የጉሎ ፍሬም ተፈጥሮ ነው! ግን ልጅ አፉ ውስጥ ሲከት ብናይ ሮጠን አይደል የምናስተፋው? ይህን ካልኩ በኋላ «አንተ ደግሞ ፈረንጅ ሆንክ» የሚለኝ አይጠፋም። ቆላ የተወለድኩ የሽርጥ ሰው ነኝ፤ ፈረንጅ የሆንኩት በየት በኩል ነው?

ደግሞ በዚህ ከተማ መሆኑ ነው የሚያናድደኝ። ከጅቡቲ የተነሳው ባቡር ሐረር ሊገባ ታስቦ ተራራው እምቢ ስላለው ከሥሩ ቆመና በ1895 ዓ.ም. ይህች ከተማ ተቆረቆረች፤ መጀመሪያ «አዲስ ሐረር» ነበር የተባለችው። ከዚራ ሰፈርን የቀየሱት የባቡር ሰዎች መንገዱን በዛፍ ያጀቡት ለጥላ ነው፣ ለጉበት አይደለም። ከክረምቱ በፊት ቀይ አበባውን የሚዘረግፈውን፣ ከማዳጋስካር የመጣውን ዛፍ ታውቁታላችሁ። የዕፅዋት መጻሕፍት በአማርኛ «የድሬዳዋ ዛፍ» ብለው መዝግበውታል። ከተማችን ስሟን ያዋሰችው ለማማርና ለማጥላት ብቻ ለሚቆም ዛፍ ነው። ልጆቿ ደግሞ እሱው ሥር ተቀምጠው፣ ላባቸውን በሽርጣቸው ጫፍ እየጠረጉ፣ ለምን እንደሚሆን ይከራከራሉ።

ዛፍ ለምን እንደሚሆን በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ ሌሊት ተነግሮናል። ዓመቱን ሙሉ አሸዋ ሆኖ የሚከርመው የደቻቱ ወንዝ፣ ከተራቆተው ደጋ በወረደ ጎርፍ ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ወሰደ። ይህ ግን ቡና ላይ አይነሳም። እኔም እዚህ ማንሳቴ ከወጉ አያስኬደኝም፣ ልለፈው።

ጥያቄው ከቅጠል አልፎ ሰው ላይ ደርሷል። ከምድር ባቡር ጡረታ የወጣ ወዳጅ አለኝ፤ አሮጌ ቲኬት፣ የሲግናል ፋኖስ፣ የደንብ ልብስ ቁልፍ ይሰበስባል። ልጆቹ «ስንት ያወጣል?» ይሉታል፣ ሚስቱ «መቼ ነው የምታወጣው?» ትለዋለች። ስብስቡን በአክብሮት የሚያየው ቆራሌው ብቻ ነው፣ እሱም በኪሎ። ልጄ የሐብሐብ ፍሬ በጣሳ ተክላ ጠዋት ማታ ስታፈጥበት አጎቷ አይቶ «ግብርና ልታጠና ነው?» አለ። ሁለተኛ ክፍል ናት እኮ! የተከለችው አፈሩን ሰንጥቆ ሲወጣ ለማየት ነው። እሱ ግን ዕረፍቱ ከሚባክንባት የክረምት ትምህርት አስመዝግቧት ብሎ ዋጋውን ሳይቀር ነገረኝ። ይህን ሁሉ የሚለኝ ከበርጫ ተነስቶ ነው። በዚህ ከተማ ለምን ይሆናል ተብሎ የማይጠየቅ ቅጠል አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ከአወዳይ ይመጣል።

ይባስ ብሎ ፋርማሲ የሚማረው የወንድሜ ልጅ ለዕረፍት መጣና ቆርቆሮዋ አጠገብ ቁጢጥ አለ።

«ጋሼ፣ ይህቺ እኮ ቪንካ ናት። ለደም ካንሰር፣ ለሕፃናት ሳይቀር የሚሰጠው ቪንክሪስቲን የሚባለው መድኃኒት የሚወጣው ከዚህች ነው።»

«ቀስ በል!» አልኩት፣ ግድግዳውን እያየሁ።

እሱ ግን ፈተና የደረሰበት ይመስል ቀጠለ። ትውልዷ ማዳጋስካር ነው። በየአገሩ ለስኳር ትሆናለች ሲባል ሰምተው፣ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ካናዳ ውስጥ ተመራማሪዎች ቅጠሏን መረመሩ። ስኳሩን ምንም አላደረገችው፤ ነጭ የደም ሴሎችን ግን ቁልቁል አወረደቻቸው፤ የካንሰሩ ነገር የመጣው ከዚያ ነው። አንዲት ግራም ለማውጣት በመቶ ኪሎዎች የሚቆጠር ደረቅ ቅጠል ይፈጃል። ቤት ውስጥ አፍልቶ የሚጠጣት ደግሞ የሚጠጣው መርዝ ነው።

ባለቤቴ ይህን ስትሰማ ወደ ዘመዷ ስልክ ለመደወል ሮጠች። እኔ አሁንም ከአቋሜ ንቅንቅ አልልም፤ ካናዳ ያለው ቤተ ሙከራ ሌላ፣ የእኔ ደጃፍ ሌላ። ይህንኑ ለልጁ በማስረዳት ላይ ሳለሁ ከግድግዳው በላይ የጎረቤቴ ራስ ብቅ አለ። ከስንተኛው ዓረፍተ ነገር ጀምሮ እዚያ እንደነበረ እንጃ።

«አቦ፣ ለምን ይሆናል ነው ያላችሁት?»

«ለዓይን!» አልኩት። ለማየት ማለቴ ነበር።

ትንሽ አሰበ። «እኔም ሰሞኑን ዓይኔን ደከም ያደርገኛል» አለ። «በቀን ስንቴ ነው?»