እርማት፦ ደራሲው ሲያርፍ መጽሐፉ ባለቤት አልባ አይሆንም

«ነፍስ ይማር፤ ደራሲው ካረፈ መጽሐፉ የሕዝብ ነው» ብለው ፒዲኤፍ ላጋሩት፦ አይደለም። በቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የኢኮኖሚ መብቱ (ሥራውን የማባዛት፣ የመተርጎምና የመሸጥ መብት) ደራሲው በሕይወት እስካለ የራሱ ነው፤ ካረፈ በኋላም 50 ዓመት የወራሾቹ ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ ያረፉት በ1996 ስለሆነ እስከ 2046፣ ስብሐት ገብረ እግዚአብሔር ያረፈው በ2004 ስለሆነ እስከ 2054 ይዘልቃል። (ከሞት በኋላ የታተመ ሥራ ከታተመበት ጀምሮ ይቆጠርለታል።)

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ትርጉም ላይ ነው። ነቢይ መኮንን እስር ቤት ሆኖ በሲጋራ ወረቀት ላይ የተረጎመውን «ነገም ሌላ ቀን ነው»ን እንውሰድ። የእንግሊዝኛው መጽሐፍ (Gone with the Wind) ደራሲ ማርጋሬት ሚቼል የሞተችው በ1949 እ.ኤ.አ. ነው፤ የእሷ 50 ዓመት ካለፈ ቆይቷል። የአማርኛው ትርጉም ግን ራሱን የቻለ ሥራ ነውና የሚቆጠረው ነቢይ ካረፈበት ከ2016 ነው፤ እስከ 2066 ማለት ነው። «ገበያ ላይ ጠፍቷል» የሚለውም ምክንያት መብቱን አያነሳም።

ስምና ርዕስ ጠቅሶ ለሐሳብዎ የሚበቃ አንቀጽ መውሰድ ይፈቀዳል። ምዕራፍ ሙሉ ፎቶ አንስቶ መለጠፍ ግን ጥቅስ አይባልም። ቅጂው ከጠፋብዎ ወመዘክር (ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት) ይሞክሩ፤ አለዚያም አሮጌ መጻሕፍት ሻጮችን ይጠይቁ፣ ፎቶኮፒ እንዳይሸጡልዎ ግን የሽፋኑን ኅትመት ልብ ይበሉ።