ወፍራም ነው፣ አርጅቷል፣ ቀኝ እግርም የለውም

ሰላም ሲል "ወፈርክ እኮ!" የማይል ዘመድ ያለው ሰው ዕድለኛ ነው። ከውፍረቱ ቀጥሎ "አሁን ስንት ዓመትህ ሆነ?" ይመጣል። መልስህን ሰምቶ ዝም የሚል የለም፤ እዚያው ቆሞ ይፈርድብሃል።

እንዲህ ያለ ዘመድ ሥራ የማይፈታበት ሰው ቢኖር ሃንጋሪያዊው አጥቂ ፈረንክ ፑሽካሽ ነው። ፊፋ ለዓመቱ ምርጥ ጎል የሚሰጠው ሽልማት የተሰየመለት ሰውዬ።

እ.ኤ.አ. በ1927 ቡዳፔስት ተወለደ። ኪሽፔሽት ክለብ ሊመዘገብ ሲል ዕድሜው አልደረሰም፤ 12 ዓመት እስኪሞላው ሚክሎሽ ኮቫች በሚል ስም ተጫወተ። እኛ ዘንድ ለኳስ ሲባል ዕድሜ ይቀነሳል፤ እሱ ቸኩሎ ነው። በ1949 መንግሥት ክለቡን ለጦር ሠራዊቱ ሰጠውና ሆንቬድ ተባለ። ለተጫዋቾቹም ማዕረግ ታደለ። ፑሽካሽ ጎል እያገባ ሻለቃ ሆነ።

ሻለቃው አጭር፣ ደንደን ያለ፣ ግራ እግሩን ብቻ የሚያምን ነበር። ቀኙ ለመቆሚያ ነው። ኅዳር 1953 ሃንጋሪ እንግሊዝን ለንደን ዌምብሌይ ላይ ስትገጥም፣ ከጨዋታው በፊት ይህን ያየ አንድ የእንግሊዝ ተጫዋች በውፍረቱ እንደሳቀ ይወራል። ያን ጊዜ እንግሊዝን በሜዳዋ ያሸነፈ የአህጉረ አውሮፓ ቡድን አልነበረም። ፑሽካሽ ኳስ ይዞ ሳጥን ውስጥ ገባ። የእንግሊዙ አምበል ቢሊ ራይት ተንሸራቶ መጣበት። ወፍራሙ ኳሷን በጫማው ሶል ወደ ኋላ ሳባት፤ ራይት ባዶ ሜዳ ላይ እየተንሸራተተ አለፈ። ጎል! ውጤቱ ሃንጋሪ 6 እንግሊዝ 3። መቼም ሳቂው ወደ ቤቱ ሲሄድ ያሰበውን ማወቅ ደስ ይለኝ ነበር።

በ1954 የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ በምዕራብ ጀርመን 3 ለ 2 ተሸነፉ። መጨረሻ ላይ ያገባትን ጎል ዳኛው ኦፍሳይድ ብሎ ሻራት። ሃንጋሪዎች እስካሁን የሚከራከሩባት ይመስለኛል፤ እኔም ብሆን አለቅም።

በ1956 አገሩ ውስጥ አመፅ ሲነሳ ከክለቡ ጋር ውጭ ነበርና ሳይመለስ ቀረ። ታገደ። ኳስ የለም፣ ምግብ አለ። ኪሎው ጨመረ። ሪያል ማድሪድ በ1958 ሲያስፈርመው 31 ዓመቱ ነበር። ያ ዘመዳችን ቢያየው ኖሮ "ልጄ፣ አሁን እንኳ አንድ ሱቅ ነገር ብትከፍት" ይለው ነበር።

ሱቁን ትቶ የስፔን ሊግ ኮከብ ግብ አግቢነትን አራት ጊዜ ወሰደ፤ የመጨረሻውን በ37 ዓመቱ። በ1960 ግላስጎው ላይ በአውሮፓ ክለቦች ዋንጫ (የዛሬው ቻምፒየንስ ሊግ) ፍጻሜ ሪያል የጀርመኑን ፍራንክፈርት 7 ለ 3 ሲረታ አራቱን ብቻውን አገባ፤ ሦስቱን የቡድን ጓደኛው ዲ ስቴፋኖ። ለሃንጋሪ ደግሞ በ85 ጨዋታ 84 ጎል አለው። አንዷን ጨዋታ ምን ነክቶት ይሆን?

በኋላ ዜግነት ቀይሮ ለስፔን አራት ጊዜ ተሰለፈ፤ አንድም አላገባም። አማካሪ ዘመዶች ነፍሳቸው የተመለሰው ያኔ ሳይሆን አይቀርም። አሠልጣኝ ሲሆንም የግሪኩን ፓናቲናይኮስ በ1971 ለአውሮፓ ክለቦች ዋንጫ ፍጻሜ አደረሰ፤ እዚያው ዌምብሌይ። በአያክስ 2 ለ 0 ተሸነፈ። መቼም ከመንገድ ዳር "ብዬ ነበር እኮ!" ያለ አይጠፋም።