ሥራው የማን ነው? የጅማ ትዝብት

ጅማ ውስጥ ዛሬ ስልኩ ላይ ቴሌግራም የሌለው የቢሮ ሠራተኛ ማግኘት ይከብዳል። የቡና ላኪው ቢሮ ግሩፕ አለው፣ የዩኒቨርሲቲው የምርምር ቡድን ግሩፕ አለው፣ የግንባታ ሳይቱም እንዲሁ። ከውጭ ለመጣ ሰው መጀመሪያ ደስ ይላል። ሰንበት ሲል ግን የሚያንገበግብ ነገር ይመጣል። ሰኞ ጠዋት ሥራ አስኪያጁ «የቡና ናሙናው ጉዳይ እስከ ዓርብ ይለቅ፣ የሚመለከታችሁ ተከታተሉ» ብሎ ይጽፋል። ከሥሩ አውራ ጣት ይደረደራል። ከዚያ የልደት ምኞት፣ የለቅሶ ማስታወቂያ፣ «መብራት እናንተ ጋ አለ?» የሚል ጥያቄ ይከተላል። ረቡዕ ሲደርስ መልእክቱ ወደ ላይ ተገፍቶ ጠፍቷል። ዓርብ ናሙናው አልተላከም። ማን ነበር የሚልከው ሲባል መልስ የለም፤ አውራ ጣቱን ያስቀመጠ ሁሉ ሌላው የሚልከው መስሎታል።

እኔ የምኖረው ጀርመን ነው። ይህንኑ ናሙና የሚጠብቀው ገዥ ቢሮ ውስጥ ጉዳዩ በሥራ መከታተያ ሶፍትዌር ሰሌዳ ላይ ያለ አንድ ካርድ ነው። ትሬሎ ይሁን አሳና፣ ጂራ ይሁን ማይክሮሶፍት ፕላነር፣ አሠራሩ ተመሳሳይ ነው፤ ሰሌዳው በዓምድ ይከፈላል፣ እያንዳንዱ ሥራ ካርድ ሆኖ ከግራ ወደ ቀኝ ይሄዳል። ካርዱ ላይ አንድ ስምና አንድ ቀን አለ። ቀኑ ሲያልፍ ቀይ ይሆናል። «የት ደረሰ?» ብሎ መደወል አያስፈልግም። እዚያ ያለው ሠራተኛ ከጅማው ልጅ በችሎታ አይበልጥም፤ የሚያናድደኝም ይኸው ነው። የጅማው ልጅ ቡናውን አይቶና ቀምሶ ከየትኛው ወረዳ እንደመጣ የሚገምት ሰው ነው። ስልኩም ኢንተርኔቱም አለው። የሌለው ካርዱ ላይ የሚጻፈው አንድ ስም ነው።

ስለዚህ ከስሙ እንጀምር። አሳና ለአንድ ሥራ ከአንድ ባለቤት በላይ መመደብ አይፈቅድም፤ ጂራም እንደዚያው። ትሬሎና ፕላነር ግን ይፈቅዳሉ፣ ጅማ ላይ ሰሌዳ የሚበላሸውም እዚህ ጋ ነው። ማንም ቅር እንዳይለው ተብሎ አንድ ካርድ ላይ የአምስት ሰው ፎቶ ይለጠፋል። አምስት ፎቶ ያለበት ካርድ ያው የቴሌግራሙ መልእክት ነው፤ የተለወጠው ቦታው ብቻ ነው። ሶፍትዌሩ ቢፈቅድም እናንተ አትፍቀዱ። አንድ ባለቤት ይኑር፤ የቀሩት ጉዳዩን ማወቅ ካለባቸው ለውጡ እንዲደርሳቸው የመከታተያውን ምልክት ይጫኑ። ሥራው በእውነት የሁለት ሰው ከሆነ ደግሞ ሁለት ሥራ ነውና ሁለት ካርድ ይከፈትለት።

የካርዱ ርዕስም ያለቀውን ነገር መናገር አለበት። «ናሙና» ብሎ መጻፍ ምንም አይነግርም። «የጎማ ወረዳ ያልታጠበ ቡና ናሙና 300 ግራም ለገዥው መላክ» ሲባል ግን ሥራው ማለቅ አለማለቁን ማንም ያውቃል። ውስጡ ዝርዝር ይግባ፦ ናሙናውን ከመጋዘን መውሰድ፣ እርጥበቱ ከ12 በመቶ እንዳይበልጥ መለካት፣ ማሸግና የሎት ቁጥሩን ከረጢቱ ላይ መጻፍ፣ ለመልእክት አመላላሹ ማስረከብ፣ የመከታተያ ቁጥሩን ካርዱ ላይ ማስፈር። ብዙ ቦታ የሚዘለለው የመጨረሻው ነው። ናሙናው ተልኮ ቁጥሩ በአንድ ሰው ስልክ ውስጥ ብቻ ከቀረ፣ ያ ሰው ስልኩን ባጠፋ ቀን ገዥው ዕቃው የት እንዳለ የሚነግረው አያገኝም።

ሰው በስሙ ሥራ ሲመደብለት እንደ ክስ የሚቆጥርበት ቢሮ ብዙ ነው። ይህ ግን ባህላችን ነው ብሎ የሚነግረኝን ሰው አልቀበልም። እድር ላይ ድንኳን የሚያወጣው፣ ወንበር ቆጥሮ የሚረከበው፣ ለቀባሪ የሚያስተባብረው በስም ይታወቃል፤ የቀረ ሰው ይቀጣል፣ ማንም አይቀየምም። ያው ሰው ሰኞ ቢሮ ሲገባ «የሚመለከታችሁ» ተብሎ ይታዘዛል። እድሩ የሚያውቀውን ቢሮው ለምን አያውቅም?

ወደ ዓምዶቹ ስንመጣ፣ ከሶፍትዌሩ ጋር የሚመጡት ሦስቱ፣ ማለትም ያልተጀመረ፣ እየተሠራ ያለ፣ ያለቀ፣ ለጀርመን ቢሮ ይበቁ ይሆናል። ለጅማ አይበቁም። እኔ የምመክረው አምስት ነው። «እየተሠራ ያለ» ከሚለው ቀጥሎ «ሌላ ቢሮ የያዘው» የሚል ዓምድ ይግባ፤ ከዚያ «ማረጋገጫ የሚጠብቅ» ይቀጥላል። ባንክ ያዘው፣ ጉምሩክ ያዘው፣ ወረዳ ደብዳቤ አልፈረመም፤ የሥራው ግማሽ የሚቆመው እዚህ ነው፣ ቢሮው ግን «እየተሠራ ነው» እያለ ወር ይቆጥራል። ካርዱ «ሌላ ቢሮ የያዘው» ወደሚለው ዓምድ ሲገባ አራት ነገር ይጻፍበት፦ የያዘው መሥሪያ ቤት፣ ደብዳቤው የገባበት ቀን፣ የደብዳቤው ቁጥር፣ ቀጥሎ የሚጠየቅበት ቀን። የማጠናቀቂያ ቀኑም ወደዚያ የመጠየቂያ ቀን ይለወጥ። አለዚያ ካርዱ ያለ ባለቤቱ ጥፋት ቀይ ሆኖ ይከርማል፣ ሰውም ቀይ ማየት ለምዶ በእውነት የዘገየውንም ማየት ያቆማል። የጅማን ሰሌዳ ሦስት ወር ያስኬደ ሰው መጀመሪያ የሚሞላው ይህ ዓምድ መሆኑን ያያል። ለሥራ አስኪያጅ ከዚህ የበለጠ መረጃ የለም፤ የት ሄዶ መማለድ፣ የት ሄዶ መጮህ እንዳለበት ይነግረዋል።

«እየተሠራ ያለ» የሚለው ዓምድ ላይ ደግሞ ገደብ ይኑር፤ ለአንድ ሰው ከሦስት ካርድ አይበልጥ። አሠራሩ የተወሰደው ከጃፓኑ ቶዮታ ፋብሪካ ነው። ታይቺ ኦኖ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በዘረጋው ሥርዓት ቀጣዩ ክፍል በካርድ ሳይጠይቅ የፊተኛው ክፍል ዕቃ አያመርትም ነበር። የጀመሩትን ሳይጨርሱ ሌላ አለመጀመር ነው። አንድ ልጅ አሥራ አንድ ሥራ ከተሸከመ ሰሌዳው ላይ ይታይለታል፤ ግሩፕ ላይ ግን ማንም አይቆጥርለትም፣ በየቀኑ ይጨመርበታል።

ከሁሉ የሚያስቸግረው ሰዓቱና ቀኑ ነው፤ እነዚህን ሶፍትዌሮች የሠሩት ሰዎች እኛን አላሰቡንም። ጸሐፊዋ ጠዋት 3 ሰዓት አስባ 3:00 ኤኤም ትመርጣለች። ሶፍትዌሩ ሌሊት 9 ሰዓት ብሎ ይይዘዋል። የሥራው ባለቤት ስልኩ ሌሊት ይጮህበታል፣ ጠዋት ቢሮ ሲገባ ካርዱ ቀልቶ ይጠብቀዋል፣ በሁለተኛው ቀን ማሳወቂያውን ይዘጋዋል። ከዚያ በኋላ ለዚያ ሰው ሰሌዳው የለም። መፍትሔው ቀላል ነው። የሚፈቅድ ከሆነ ሰዓቱን በ24 ሰዓት አቆጣጠር ማድረግ፣ ለቀን ሰዓት 6 መደመር፤ ጠዋት 3 ሰዓት 9:00፣ ከሰዓት 9 ሰዓት 15:00 ነው። ምሽት 1 ሰዓት ሲሆን 19:00። ከዚህም የተሻለው ቢሮው ለሁሉም ካርድ አንድ ሰዓት መወሰን ነው፤ ሁሉም ቀን 17:00 ላይ ያበቃል፣ ማለትም 11 ሰዓት። የሰዓት ክልሉ አዲስ አበባ ወይም ናይሮቢ ተብሎ ይመረጥ፤ ሁለቱም አንድ ናቸው። ጀርመን ያለው ሰው የራሱን ክልል በራሱ አካውንት ላይ ካስተካከለ ሶፍትዌሩ ያስማማዋል። ይህ ካልተደረገ በክረምታቸው ሁለት ሰዓት፣ በበጋቸው አንድ ሰዓት እየተዛባ በየስድስት ወሩ ስብሰባ ሲያመልጥ ይኖራል።

ቀኑን በተመለከተ የሐበሻውን ቀን ርዕሱ ላይ ጻፉ፤ «እስከ ጥቅምት 20» ብላችሁ፣ በቀን መምረጫው ላይ ኦክቶበር 30ን ምረጡ። በጭንቅላት ማስላት አይታመንም። ጳጉሜን 6 ቀን በምትሆንበት ዓመት መስከረም 1 ከሴፕቴምበር 11 ወደ 12 ይሸሻል፤ 2019 እንደዚያ ያለ ዓመት ስለሆነ በ2020 መጀመሪያ በልማድ የሚያሰላ ሁሉ በአንድ ቀን ይሳሳታል። ለባንክና ለመርከብ ጉዳይ አንድ ቀን ብዙ ነው።

ቋንቋውም የራሱ ጣጣ አለው። በአማርኛ ካርድ መጻፍ ይቻላል፣ ፍለጋው ግን ፊደል በፊደል ነው። አንዱ «ሥራ»፣ ሌላው «ስራ» ብሎ ከጻፈ፣ ወይም «ፀሐፊ» እና «ጸሐፊ» ከተቀላቀሉ፣ ግማሹ ካርድ ሲፈለግ አይገኝም። ጅማ ላይ ደግሞ አንዱ በአፋን ኦሮሞ፣ ሌላው በአማርኛ፣ ሦስተኛው በእንግሊዝኛ ይጽፋል። ርዕሱ በየትኛው እንደሚጻፍ አንድ ጊዜ ተስማሙ፤ አስተያየቱን ግን ሰው በተመቸው ይጻፍ። ተደጋግሞ የሚፈለገው ነገር፣ ወረዳው፣ ገዥው፣ የቡናው ዓይነት፣ በጽሑፍ ሳይሆን በቀለም መለያ ይመረጥ። ከዝርዝር የተመረጠ ነገር ፊደሉ አይዛነፍም።

ገንዘብ የለንም የሚለውን እረዳለሁ። ክፍያው በዶላር ነው፣ አብዛኛው ቢሮ ደግሞ ለዚያ የሚሆን የባንክ ካርድ የለውም። ነጻው ትሬሎ በአንድ የሥራ ቦታ 10 ሰው ድረስ ይቀበላል። ከዚያ ሲበልጥ አንዳንዱ ቢሮ አንድ አካውንት ለሦስት ሰው ያካፍላል፤ ያን ጊዜ ካርዱ ላይ ያለው ስም ምንም ትርጉም አይኖረውም፣ ማን ምን እንዳደረገም አይታወቅም። እንደዚያ ከማድረግ ጎግል ሺትስ ይሻላል። ስድስት ዓምድ ይበቃዋል፦ ተራ ቁጥር፣ ሥራ፣ ባለቤት፣ ቀን፣ ያለበት ሁኔታ፣ የያዘው ነገር። ባለቤትና ሁኔታ ከተዘጋጀ ዝርዝር ይመረጡ። የኮምፒውተር ባለሙያ ላለው ተቋም ደግሞ ሬድማይን ወይም ዊካን የሚባሉትን ተመሳሳይ ሶፍትዌሮች በራሱ ሰርቨር ላይ መጫን ይቻላል፤ ሁለቱም ያለ ክፍያ ናቸው፣ የሰው ገደብም የላቸውም። ኔትወርክ ሲጠፋ የትሬሎ የስልክ አፕ የጻፉትን ይዞ ይቆይና ሲመለስ ያስገባዋል። በነጻው ትሬሎ ከ10 ሜጋባይት በላይ የሆነ ፋይል ግን አይለጠፍም፤ ትልቁን ፋይል ቴሌግራም ላይ አስቀምጦ የመልእክቱን ሊንክ ካርዱ ላይ መለጠፍ ይቻላል። የዝግ ግሩፕ ሊንክ ለአባላቱ ብቻ እንደሚከፈት አትርሱ።

ትልቅ ሥራ ሲመጣ መከፋፈሉን መማር ያስፈልጋል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 ያወጣው የደን ሕግ ቡናው የበቀለበትን ማሳ መገኛ ይጠይቃል፤ ከ4 ሔክታር በላይ ለሆነ ማሳ የድንበሩን መስመር፣ ከዚያ በታች ለሆነ አንድ ነጥብ። ሕጉ የሚጀምርበት ቀን ደጋግሞ ቢገፋም ገዥዎች መጠየቃቸውን አልተዉም። ይህን «የማሳ ልኬት» ብሎ አንድ ካርድ ማድረግ ካርዱን ለስድስት ወር ማስተኛት ነው። ለእያንዳንዱ ቀበሌ አንድ ካርድ፣ ለእያንዳንዱ ካርድ አንድ ሰው ይሁን፤ ከሳምንት በላይ የሚፈጅ ከሆነ በጎጥ ይከፈል። የገበሬዎቹ ስምና ስልክ ያለበት ሰሌዳ ለሕዝብ ክፍት እንዳይሆን ከመጀመሪያው ቀን መመልከት ግዴታ ነው፤ ክፍት የሆነ ሰሌዳ ጎግል ላይ ይወጣል።

አገር ቤት የሚበልጥበትንም ልናገር። አንዱ ለቅሶ ሲደርስበት ባልደረባው ሳይጠየቅ ሥራውን ያነሳለታል። ጀርመን ይህ ብርቅ ነው፤ ካርዱ ቀልቶ ባለቤቱ እስኪመለስ ይጠብቃል። ጅማ ላይ የሚቀረው የሸፈነው ሰው በዚያው ጠዋት ካርዱን ወደ ራሱ ስም ማዞሩ ነው። አለዚያ ሁለት ሰው አንድ ደብዳቤ ይጽፋል፣ ወይም የሸፈነው ሰው ድካም አይታይለትም።

ይህ ሁሉ ግን አለቃው ሰሌዳውን ካልከፈተ ወር ሳይሞላው ይሞታል። አለቃው በስልክ ካዘዘ፣ በኮሪደር ካዘዘ፣ በግሩፕ ካዘዘ፣ ሠራተኛው ሁለት ዓለም ውስጥ ይሠራል፤ ጊዜ ሲያጥረው የሚተወው ደግሞ ሰሌዳውን ነው። ለአለቆች የምለው ይህ ነው፦ በስልክ ስታዙ «ካርዱን ከፍተህ ላክልኝ» በሉ። ሰኞ ጠዋት ሃያ ደቂቃ ሰሌዳው ፊት ተሰብሰቡ፣ ለማለቅ ከቀረበው ካርድ ጀምራችሁ ወደ ግራ ሂዱ፣ «ሌላ ቢሮ የያዘው» ላይ ቆም በሉ። ቃለ ጉባኤ ለብቻው መጻፍ አያስፈልግም፤ ውሳኔው ካርዱ ላይ ይጻፍ። ሪፖርት ሲጠየቅም ካለቀው ዓምድ ይወጣል።

ሰሌዳውን ደግሞ አንድ ልጅ በግል ኢሜይሉ አይክፈተው። ልጁ የተሻለ ደመወዝ አግኝቶ አዲስ አበባ ሲሄድ የዓመት ሥራ አብሮት ይሄዳል፣ ይህን ያላየ ቢሮ ጥቂት ነው። በቢሮው ኢሜይል ይከፈት፣ ሁለት አድሚን ይኑረው፤ ሰው ሲለቅ ከመሰናበቻው ደብዳቤ በፊት ካርዶቹ ለሌላ ይተላለፉ። በጀት ሰኔ 30 ሲዘጋ የዓመቱ ሰሌዳ ይዘጋ እንጂ አይሰረዝ፤ ሐምሌ 1 አዲሱ ሲከፈት ያላለቁት ካርዶች ብቻ ከነስማቸውና ከነቀናቸው ይሻገሩ።